ኮምፕሬሰሩን ደሴ ላይ ሆነን እንመልከተው፦ ስለ ጀማሪ ኤርብረሽ ምርጫ ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ለሞዴልና ለማኬት ሥራ የመጀመሪያውን ኤርብረሽና ኮምፕሬሰር ስለ መግዛት በቅርቡ የወጣውን ጽሑፍ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በዚህ ሥራ የምንውል ሰዎች ተቀባብለን አንብበነዋል። ኤርብረሽ በታመቀ ንፋስ ቀለም የሚረጭ፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ንፋሱን የሚሰጠው ኮምፕሬሰሩ ነው። ማኬት የምንለውም የሕንፃና የመሳሰለው ትንሽ ናሙና ነው። ጸሐፊው ጀማሪን ለማደፋፈር መነሣታቸው ደግ ነው፤ ብዕራቸውም ይጥማል። ምክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ገንዘባችሁን ከሞላ ጎደል ለኤርብረሹ አውሉት፤ ኮምፕሬሰር ንፋስ እስከ ሰጠ ድረስ የጎሚስታም ይሁን ታንከር የሌለው ትንሽዬ፣ ማንኛውም ይበቃል። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ግፊት ተመልከቱ። የውሃ ማጣሪያ ጌጥ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ዕቃውን ከዚያ ያስመጣ። የኤርብረሹ መርፌ 0.2 ሚሊ ሜትር፣ ዓይነቱም ሲንግል አክሽን (በአንድ ጭነት ንፋስና ቀለም አብረው የሚወጡበት) ይሁን። ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥኑ። አክሪሊክ ቀለም ውሃ ስለሆነ ማስክ አያሻም።

ከእነዚህ በሁለቱ በከፊል እስማማለሁ። የቀሩትን ግን ጀማሪ ባይከተላቸው እመርጣለሁ። የጽሑፉ ትልቁ ጉድለት አገር የለውም፤ ሚላኖ ላለ ሰውም ወልድያ ላለ ሰውም እኩል የተጻፈ ነው። እኛ የምንረጨው ጦሳ ሥር፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ መብራት ሳይናገር በሚሄድበት ከተማ ነው። ኖዝል (ቀለሙ የሚወጣበት የኤርብረሹ ጫፍ) ቢሰበር ፒያሳንም ሰኞ ገበያንም ዞሮ ምትክ ማግኘት የለም። ምርጫው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ንፋሱን እናስቀድም፤ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት እርሱን ነውና። ኮምፕሬሰር አየር አይፈጥርም፤ በዙሪያው ያለውን ስቦ ያምቃል። ደሴ ላይ በዙሪያው ያለው አየር ደግሞ ስስ ነው። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል የሆነው የከባቢ አየር ግፊት በ2,500 ሜትር ላይ ወደ 0.75 ባር ይወርዳል። ስለዚህ «በደቂቃ 20 ሊትር» ተብሎ የተጻፈበት ፓምፕ እዚህ የሚያመርተው አየር በክብደት ሲታሰብ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 15 ሊትር አይበልጥም። ያንኑ ፓምፕ ኮምቦልቻ ብናወርደው ጉድለቱ ከሩብ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ላሊበላ ብንወስደው ግን ከደሴው እምብዛም አይለይም።

ኤርብረሹ ራሱ ከፍታ አይፈራም። የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ የሚያሳየው በቱቦው ውስጥ ባለው ግፊትና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ ደሴ ላይ 1.5 ባር አስተካክሎ የሚረጭ ሰው አሰብ ላይ 1.5 ባር አስተካክሎ ከሚረጨው እምብዛም የተለየ ነገር አያይም። የሚደክመው ፓምፑ ነው። ያችኑ ታንከር ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ይሞቃል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ያው ስስ አየር ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣለትም።

እዚህ ላይ ነው ከፍተኛውን ግፊት እያያችሁ ግዙ የሚለው ምክር የሚያሳስተው። ለሞዴል ሥራ የሚፈለገው ግፊት ከ1 እስከ 2 ባር ነው፤ በፒኤስአይ ሲነገር ከ15 እስከ 30 ያህል። ካርቶኑ ላይ 8 ባር ተጽፎ ማየት የሚጨምርልን ነገር የለም። መጠየቅ ያለብን በምንሠራበት ግፊት በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል ብለን ነው። በዚያ ላይ ያ የተጻፈው ቁጥር ራሱ እዚህ አይደረስበትም። ፓምፕ የሚሳበውን አየር በተወሰነ እጥፍ ነው የሚያምቀው፤ መነሻው ሲያንስ መድረሻውም ያንሳል። ለምሳሌ ከኤርብረሹ ግርጌ የሚገጠሙት ባትሪ ያላቸው ትናንሽ ኮምፕሬሰሮች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በባሕር ጠለል ላይ 1.7 ባር የሚደርስ ቢሆን ደሴ ላይ ከ1.3 ባር ብዙም አያልፍም። ያ በደንብ ለቀጠነ ቀለም ይበቃል፤ ወፈር ላለ የመጀመሪያ ንጣፍ ቀለም ግን አይበቃም። ቢሆንም እነዚህን ትናንሾች አልንቃቸውም። መብራት በሌለበት ምሽት የሚሠሩት እነርሱ ብቻ ስለሆኑ፣ ለሁለተኛ ዕቃነት መልካም ናቸው።

ለመጀመሪያ ዕቃነት የምመክረው ሞዴል ሠሪዎች በብዛት የሚያውቁትን ዓይነት ነው፦ ባለ አንድ አምስተኛ የፈረስ ጉልበት፣ ዘይት የማይጠይቅ ፒስተን፣ ባለ 3 ሊትር ታንከር፣ ግፊቱ 4 ባር ሲደርስ ራሱን የሚያጠፋና ወደ 3 ባር ሲወርድ መልሶ የሚነሣ። ታንከር የሌለው ኮምፕሬሰር የኤርብረሹን መጫኛ በተጫንን ቁጥር ያለ እረፍት ይሠራል፤ የፒስተኑም ምት በቱቦው ውስጥ አልፎ ቀለሙ ላይ እንደ ትርታ ይታያል። ታንከር ሲኖር ምቱ ይበርዳል፣ ሞተሩም ያርፋል። ከፍታ ላይ ለሚደክም ሞተር ይህ እረፍት ዕድሜው ነው።

መብራት ሲሄድስ? ሦስት ሊትር ታንከር ከ4 ባር እስከ 1.5 ባር እስኪወርድ የሚሰጠን ንፋስ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ነው። ሥራ አያስጨርስም። ግን ኩባያው ውስጥ የቀረውን ቀለም ደፍቶ፣ ውሃ ጨምሮ፣ መርፌና ኖዝሉን አጥቦ ለማውጣት ይበቃል። መብራት እስኪመጣ ኖዝል ውስጥ የደረቀ አክሪሊክን መንቀል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ለዚያች አንድ ደቂቃ ሲል ብቻ ባለ ታንከሩን ይገዛል።

የውሃ ማጣሪያ ጌጥ ነው ስለ ተባለው ሐምሌን መጠየቅ ይቻላል። አየር ሲታመቅ የያዘው እርጥበት መሄጃ ያጣና ውሃ ይሆናል። ደሴ ላይ ታንከሩ 4 ባር ሲሞላ አየሩ ከስድስት እጥፍ በላይ ታምቋል። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ሲገባ ያ ሁሉ እርጥበት ታንከሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ማጣሪያ ከሌለ በቱቦው ተጉዞ፣ ከቀለሙ ጋር ተፍቶ፣ ማኬቱ ላይ ነጠብጣብ ይሆናል። ግፊት መቆጣጠሪያውና ማጣሪያው ብዙ ጊዜ ተያይዘው ነው የሚሸጡት፤ ከኮምፕሬሰሩ ጋር አብረው ካልመጡ ሒሳቡ አልተሟላም። ሥራ ሲያበቃም ከታንከሩ ሥር ያለችውን መክፈቻ ከፍቶ ውሃውን ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል።

በከፊል ከምስማማባቸው ነጥቦች አንዱ የጎሚስታው ነው። ጎሚስታ ቤት ያለው ትልቅ ኮምፕሬሰር በእርግጥ ንፋስ አያልቅበትም፤ ከፍታውም አያሳስበውም። ጋራዥ ያለው ወንድም ወይም ጓደኛ ካለ፣ ትልልቅ የማኬት መሠረቶችን እዚያ ወስዶ መርጨት ብልህነት ነው። ነገር ግን ያ ማሽን በዘይት የሚሠራ ስለሆነ የዘይት ጭጋግ ከንፋሱ ጋር ይወጣል። ዘይት ያረፈበት ቦታ ላይ ቀለም አይዝም፤ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። ከታንከሩ የሚወጣው ግፊትም 8 ባር ሊደርስ ይችላል፤ ያለ መቆጣጠሪያ በቀጥታ ከኤርብረሽ ቱቦ ጋር የሚያገናኘው ሰው ቱቦውን ይሰናበት። ዘይትና ውሃ የሚለይ ማጣሪያ፣ ቀጥሎም መቆጣጠሪያ ይግባ። እነዚህ ተገዝተው፣ ማኬቱ በባጃጅ እየተመላለሰ፣ የመንገድ አቧራ እያረፈበት ሲታሰብ ርካሽነቱ ያን ያህል አይታየኝም።

ከአሮጌ ፍሪጅ ሞተር ኮምፕሬሰር የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ። ድምፁ ዝቅተኛ፣ ንፋሱም ጠንካራ ነው። ግን ግፊት ለመያዝ ያልተሠራ ጣሳ ታንከር አድርጎ፣ ከልክ ያለፈ ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ሳይገጥሙ ሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ ፈንጂ ማስቀመጥ ነው። ለጀማሪ አልመክርም፤ አለፍኩት።

ከዘመድ ማስመጣት። ወሎ ውስጥ አረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ አሜሪካ ያለውም አይጠፋም። ስለዚህ ምክሩ ብዙ ሰው ይነካል፤ የሚያከስረውም ብዙ ሰው ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ኮምፕሬሰር ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ (ኸርዝ መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው) የተሠራ ነው። የእኛ ሶኬት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ የሰካው ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። ትራንስፎርመር እገዛለሁ የሚለውም ግማሹን ብቻ ነው የሚፈታው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። በ60 ኸርዝ እንዲሽከረከር የተሠራ ሞተር በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ይበልጥም ይሞቃል። የደሴን ከፍታ ስንጨምርበት የሚቀረን ንፋስ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው 60 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ዋጋ፣ በዚያ ክብደት፣ ያን ያህል ሻንጣ ይዞ!

ከኤምሬትስ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው በቮልቱም በኸርዙም ከእኛ ጋር ይስማማል። ሳዑዲ ግን 60 ኸርዝ ናት፤ እዚያ ያለች እህት ከመግዛቷ በፊት ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ ፎቶ አንሥታ ትላክ። «220 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ ይምጣ።

ኤርብረሹ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለማይነካው ከየትም ይምጣ፤ የእርሱ ችግር ከቱቦው ጋር የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ነው። አብዛኞቹ የእስያ ምርቶች፣ የጃፓኑን ኢዋታን ጨምሮ፣ ከቱቦው ጋር የሚገናኙት በአንድ ስምንተኛ ኢንች ጥርስ ነው። አሜሪካኖቹ ባጀርና ፓሽ ግን የየራሳቸው ጥርስ አላቸው። አንዲት የነሐስ አስማሚ ችግሩን ትፈታዋለች፤ ግን ከኤርብረሹ ጋር አብራ ካልታዘዘች ዕቃው መጥቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሌላ መንገደኛ ይጠብቃል። ጸሐፊው ይህን ሳያነሡ ማለፋቸው ገርሞኛል፤ የመጀመሪያው ቀን ብስጭት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ወደ መርፌው እንምጣ። ቀጭን መርፌ ቀጭን መስመር ያወጣል ማለት እውነት ነው። ከዚያ ተነሥቶ ጀማሪ ቀጭኑን ይግዛ ማለት ግን አይከተልም። 0.2 ሚሊ ሜትር በጣም የላመና በጣም የቀጠነ ቀለም ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ማኬት ስንሠራ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም አቅጥነን መርጨት ልማዳችን ነው፤ በስቶኪንግ ብናጣራውም እንኳ በ0.2 አያልፍም፣ በ0.5 ያልፋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር ደግሞ አክሪሊክ መርፌው ጫፍ ላይ ይደርቃል፤ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ይህ ይብሳል። በዚያ ላይ ቀጭኑ መርፌ በትንሽ ግጭት ይጎብጣል።

አንድ ሥራ እንውሰድ። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1፡72 ሲሠራ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ በሁሉም ጎን፣ በመስኮቶቹና በግድግዳው ማዕዘናት ውስጥ ጭምር ይነጠፋል። ቀጥሎ ቀይ ቡናማው የማዕዘናቱን ጨለማ እየተወ ፊት ለፊቱን ይሸፍናል። መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ላይ የበቀለው ሽበት ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ በስሱ ከላይ ይነካካል፤ ግፊቱን ወደ 1 ባር አውርዶ፣ ቀረብ ብሎ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ 0.2 የሚጠይቅ አንድም ደረጃ የለም። 0.3 ወይም 0.35 ሁሉንም ይሠራል፤ የኢዋታ ኒዮ 0.35 ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ልክ ነው። ሥራው በአብዛኛው ትልልቅ የሕንፃ ማኬት የሆነበት ሰው ደግሞ ባለ 0.5ቱን የባጀር ፓትሪዮት ቢወስድ ይሻለዋል።

ርካሾቹን ቅጂዎች ግዙ ወይም አትግዙ አልልም፤ ብዙዎቹ ይሠራሉ። የማሳስበው ኖዝሉን ነው። በብዙዎቹ ቅጂዎች ላይ፣ በኢዋታ ኒዮም ቢሆን፣ ኖዝሉ ከእህል ቅንጣት የማይበልጥ ሆኖ በመፍቻ የሚጠብቅ ጥርስ አለው፤ እጁ ከበድ ያለ ጀማሪ ሲያጸዳ ይሰብረዋል። የጀርመኑ ሀርደር ኤንድ ስቲንቤክና የባጀር ፓትሪዮት ኖዝሎች ግን ጥርስ የላቸውም፤ በቦታቸው ገብተው ጭንቅላቱ ይይዛቸዋል። መለዋወጫ በሌለበት አገር ይህ ከምርቱ ስም ይልቅ ይመዝናል። የትኛውም ቢገዛ አንድ ትርፍ ኖዝልና አንድ ትርፍ መርፌ አብረው ይግቡ።

ሲንግል አክሽን ወይስ ደብል አክሽን? ሲንግል አክሽን መጫኛው ሲጫን ንፋስም ቀለምም አብረው ይወጣሉ፤ የቀለሙ መጠን አስቀድሞ በመዘውር ይስተካከላል። በደብል አክሽን ወደ ታች ሲጫኑት ንፋስ፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም ይመጣል። ጸሐፊው ሁለተኛው ለጀማሪ ይከብዳል ይላሉ። ይከብዳል፤ የሚከብደው ግን ጣት እስኪለምድ ነው፤ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነጥብና መስመር እያወጡ በመለማመድ ይለመዳል። በብዙዎቹ ደብል አክሽኖች ጅራት ላይ መርፌው ወደ ኋላ የሚሄድበትን ርቀት የሚገድብ ብሎን አለ፤ እርሱን ያጠበቀ ጀማሪ ቀለም አያፈስስም። በአሰብ መንገድ ኮምቦልቻን ስትረግጥ የኖረችውን ፊያት 682 ኤንትሬ በ1፡35 የሠራ ሰው ጎማዎቿ ላይ አቧራ ሲያለብስ፣ አቧራው ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየሳሳ እንዲጠፋ ይፈልጋል። ያን በሚረጭበት ቅጽበት ቀለሙን በጣቱ መጨመርና መቀነስ ካልቻለ አይሆንለትም።

የምስማማበት ሁለተኛው ከፊል ነጥብ ግን እዚህ አለ። የሕንፃ ማኬት መሠረት፣ ሣርና አስፋልት ብቻ ለሚረጭ ተማሪ ሲንግል አክሽን ይበቃዋል። ቀለምና ንፋስ ከውጭ የሚገናኙበት እንደ ፓሽ ኤች ያለ ኤርብረሽ ደግሞ ለማጽዳት ቀላል ነው፣ ወፍራም ቀለምም ይችላል። የቀለም ኩባያው ግን፣ በደብል አክሽኑ፣ ከላይ የተቀመጠ ይሁን፤ ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ በአነስተኛ ግፊት ይሠራል። የእኛ ፓምፕ ደግሞ ግፊት የሚተርፈው አይደለም።

አኳራጅን በተመለከተ አጭር ነኝ። አኳራጅ የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ነው። አክሪሊክ ላይ ሲጨመር አይዋሃድም፤ ይቋጠራል፣ ኖዝሉንም ይደፍናል። እንደ ቫሌሆ ያሉት በውሃ የሚቀጥኑ ቀለሞች ውሃ ወይም የራሳቸው ማቅጠኛ ይበቃቸዋል፤ አልኮል ሲጨመርባቸው ሊቋጠሩ ይችላሉ። የታሚያ አክሪሊክ ግን በአልኮል የሚቀጥን ነው። ልዩነቱ ለሻንጣም ይሆናል፦ ተቀጣጣይ ቀለም፣ ቲነርና የቀለም ስፕሬይ ጣሳ በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድም፤ በውሃ የሚቀጥነው ግን ይመጣል። በደረቁ ወራት መርፌው ጫፍ ላይ ቀለም የሚደርቅበት ሰው ከፋርማሲ የሚገኝ ግሊሰሪን አንድ ጠብታ ኩባያው ላይ ቢጨምር ያግዘዋል፤ ካበዛው ግን ቀለሙ ሳይደርቅ እያጣበቀ ይቀራል። ናይትሮ ቲነር ፕላስቲክ ሞዴልን ያሟሟል፣ የማኬት ፎምን ደግሞ ይበላዋል። ኤርብረሽ ለማጠብ ያገለግላል፤ የውስጥ ማሸጊያው ተራ ላስቲክ ከሆነ ግን ያብጥና አየር ያሳልፋል፣ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ማሸጊያው ቴፍሎን መሆኑን መጠየቅ ነው።

ማስኩ ላይ ግን ልለዝብ አልችልም። አክሪሊክ በውሃ ስለሚቀጥን ሽታው ቀላል ነው፤ ሽታው መቅለሉ ግን ሳንባን አይጠብቅም። ኤርብረሽ ቀለሙን ወደ ጭጋግ የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ በጭጋጉ ውስጥ ያለው የቀለም ዱቄትና ሙጫ ከትንፋሽ ጋር ገብቶ እዚያው ይደርቃል። የሐኪም ጨርቅ ማስክ አያግደውም፤ ቢያንስ ኤፍኤፍፒ2 የተባለው፣ ጥቃቅን ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ያስፈልጋል። አልኮል፣ አኳራጅ ወይም ናይትሮ ያለበት ቀለም ሲሆን ደግሞ የኬሚካል ጭስ የሚያጣራ፣ ባለ ካርትሪጅ ማስክ። ጸሐፊው አቧራ እንዳይገባ መስኮት ዝጉ ማለታቸው ደግሞ የደሴን ቤት ካለማወቅ ነው። ብርዱ ሲጠና ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ውስጥ ማስገባት፣ ከሰዓት በኋላም እዚያው ቡና ማፍላት የተለመደ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የናይትሮ ጭስ ወለል ለወለል ሄዶ የቡናው ምድጃ ጋ ሲደርስ ቤቱን ያነዳል። መስኮቱ ይከፈት፤ ከተቻለ ጭሱን ወደ ውጭ የሚገፋ ማራገቢያ ይኑር። ናይትሮ ሊረጭ የተነሣ ሰውም ቡናው ሌላ ክፍል እንዲፈላ ይለምን፤ ካልሆነለት ሦስተኛው ተጠጥቶ ምድጃው እስኪወጣ ይታገስ።